የመጀመሪያው የፑኒክ ጦርነት በልብ ወለድ፦ የባሕር ውጊያውን ትዕይንት በምን ላስተካክለው?

ብራና

ሰላም ለሁላችሁ፤

በሮምና በካርቴጅ መካከል ስለተካሄደው የመጀመሪያው የፑኒክ ጦርነት (264–241) ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው። ዋናው ገጸ ባሕሪ ከአንድ የጣሊያን የባሕር ዳርቻ ከተማ መጥቶ በሮም የጦር መርከብ ላይ የሚቀዝፍ ወጣት ነው። ታሪኩ በ260 ከልምምዱና ሲሲሊ አጠገብ ከተደረገው የሚላይ የባሕር ውጊያ ይነሳል፣ በ255 የሮምን መርከቦች ባጠፋው በካማሪና ማዕበል ያልፋል፣ በ241 ከሲሲሊ ምዕራብ ባሉት በኤጋዲ ደሴቶች በተደረገው የመጨረሻ ውጊያ ያበቃል። የሴኔቱ ክርክርና የቆንሱሎቹ (የሮም ከፍተኛ ሹማምንትና የጦር አዛዦች) ሽኩቻ አላስቸገረኝም። የሚያስቸግረኝ መርከቡ ውስጥ ስገባ ነው። ከረቂቁ ሦስት ዐረፍተ ነገር ልለጥፍ፦

«ከበሮው እየተመታ፣ በሰንሰለት የታሰሩት ባሪያዎች በአምስት ፎቅ ተደርድረው ቀዘፉ። የመርከቡ መውጊያ የጠላትን ጎን ሰንጥቆ ገባ። የተመታችውም መርከብ በአፍታ ከነሰዎቿ ወደ ጥልቁ ሰጠመች።»

እዚህ ውስጥ ምን ይታረም? ቀዛፊው ቀኑን ሙሉ ምን ያያል፣ ምን ይበላል፣ ምን ይጠጣል? ሮማውያን የሠሩት ኮርቩስ የተባለው ድልድይስ በተግባር እንዴት ነው የሚሠራው? እርማቱ ጠንከር ያለ ቢሆንም አልከፋም።

እህታችሁ ብራና

መልህቅ

እህቴ ብራና፣ በሦስቱ ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ የሚታረሙት ነገሮች አራት ናቸው። አራቱም ግን ለታሪኩ የሚጠቅም ነገር ይዘው ስለሚመጡ እርማቱ ድርሰቱን አያሳንሰውም።

መጀመሪያ ሰንሰለቱን አውጪው። በዚያ ዘመን የጦር መርከብ ቀዛፊ በአመዛኙ ነጻ ሰው ነው። ሮም መርከቦቿን የምትሞላው ሀብታቸው ለእግረኛ ጦር በማያበቃቸው ድሃ ዜጎችና ከአጋር ከተሞች በሚመጡ ሰዎች ነበር፤ የአንቺ ወጣት ከባሕር ዳርቻ ከተማ መምጣቱ ልክ ነው። በሰንሰለት የታሰረ ቀዛፊ በሜዲትራኒያን የተለመደው ከ1,500 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ይህን መርከብ በሰንሰለት ማሠራትም አይመችም። መርከቡ 300 ቀዛፊ ይዞ ለመኝታና ለማብሰያ ቦታ የለውም። ስለዚህ ከተቻለ ማታ ማታ ዳርቻ ይይዛል፣ ሰዎቹ ወርደው እሳት ያነዳሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ፣ አሸዋ ላይ ይተኛሉ። አዛዡም ነገ ተመልሰው እንደሚገቡ እርግጠኛ መሆን አለበት። ቀዛፊ ሊከዳ፣ ሊያኮርፍ፣ ደመወዝ ዘገየ ብሎ ሊያጉረመርም የሚችል ሰው ነው። ከታሰረ ሰው ይልቅ እንዲህ ያለው ለልብ ወለድ ብዙ ይሰጥሻል።

ከበሮውም ይውጣ። ምቱን የሚጠብቀው የቀዛፊዎቹ አለቃ በድምፁ ነው። በግሪኮቹ መርከቦች ላይ ዋሽንት ነፊ ያግዘው ነበር፤ ሮማውያን ደግሞ ምት የሚሰጡበት በትር ነበራቸው።

«በአምስት ፎቅ» የሚለው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። የመርከቡ ዓይነት ኳድሪረም (ባለአራት)፣ ኩዊንኩዌረም (ባለአምስት) እየተባለ የሚቆጠረው በፎቅ ሳይሆን በአንድ ምድብ ውስጥ ባሉት ቀዛፊዎች ቁጥር ነው። ዛሬ ይበልጥ ተቀባይነት ያለው አቀማመጥ ሦስት ደረጃ መቅዘፊያ ነው፤ በላይኛው መቅዘፊያ ሁለት ሰው፣ በመካከለኛው ሁለት፣ በታችኛው አንድ፣ በድምሩ አምስት። የዚህን ጦርነት ታሪክ የጻፈው ግሪካዊው ፖሊቢየስ ሲሲሊ አጠገብ በተደረገው በኤክኖመስ የባሕር ውጊያ (256) በአንድ የሮም መርከብ ላይ 300 ቀዛፊና 120 የመርከብ ወታደር ይቆጥራል። 300ን ለ5 ብታካፍይ 60 ምድብ ይወጣል፣ በእያንዳንዱ ጎን 30። ከአንዱ ቀዛፊ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 90 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ወጣትሽን የት እንደምታስቀምጪው አሁኑኑ ወስኚ፣ የሚያየው ሁሉ በዚያ ይወሰናልና። ታች ያለው ባሕሩን አያይም። የሚያየው የፊተኛውን ሰው ጀርባ ነው። የላይኞቹ ላብ ይንጠባጠብበታል፣ አየሩ ይታፈናል፣ ውጊያውን የሚያውቀው በድምፅና በመርከቡ መንቀጥቀጥ ብቻ ነው። ላይ ያለው የመቅዘፊያውን ጫፍ ውኃ ውስጥ ሲገባ ያያል፣ ለቀስት ግን የተጋለጠ ነው። አንድ ወሳኝ ነገር ደግሞ አትርሺ፦ ቀዛፊ ፊቱን ወደ መርከቡ ኋላ አዙሮ ነው የሚቀመጠው። ወደ ጠላት ሲሄዱ ጠላትን የሚያይ ቀዛፊ የለም።

ውኃና ምግቡን በቁጥር ላሳይሽ። በሙቀት አጥብቆ የሚቀዝፍ ሰው በሰዓት አንድ ሊትር ያህል ይጠጣል። 300 ሰው ለ8 ሰዓት ቢቀዝፍ 2,400 ሊትር፣ ማለትም ከሁለት ቶን በላይ ውኃ ነው። ይህን ለብዙ ቀን መጫን ስለማይቻል የጉዞው መንገድ ከምንጭ ምንጭ፣ ከወንዝ አፍ ወንዝ አፍ ይሄዳል። የታሪክሽ አዛዥ ዳርቻውን ጠላት ስለያዘበት ብቻ ውጊያ ሊገባ ይችላል፣ አንባቢም ያምነዋል። ለምግብ ደግሞ ከግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ከቱሲዲደስ አንድ ነገር ውሰጂ፦ በ427 ወደ ሚቲሊኒ በጥድፊያ የተላከው የአቴና መርከብ ቀዛፊዎች በወይን ጠጅና በወይራ ዘይት የተለወሰ የገብስ ዱቄት እየበሉ፣ በየተራ እየተኙ ነበር የቀዘፉት። ይህ ግን ለየት ያለ ቀን ስለሆነ ነው የተጻፈው። በዘወትር ቀን የሚበላው ዳርቻ ወርዶ ነው።

የልምምዱን ትዕይንት እባክሽ በደንብ አስፊው፤ ከውጊያው ያልተናነሰ ነው። ሮማውያን ዳርቻ ላይ ተጣብቆ የቀረ አንድ የካርቴጅ መርከብ ማርከው በእሱ ልክ 100 ኩዊንኩዌረም ሠሩ፣ 20 ባለሦስት መርከቦችም ጨመሩ። መርከቦቹ እየተሠሩ ሳለ ቀዛፊዎቹን መሬት ላይ አግዳሚ ወንበር ደርድረው፣ መርከቡ ላይ በሚቀመጡበት ቅደም ተከተል አስቀምጠው፣ አለቃውን መሐል አቁመው አሠለጠኗቸው። ሁሉም እኩል እጁን ወደ ደረቱ ስቦ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ እኩል እጁን ዘርግቶ ወደ ፊት ያጎነብሳል፣ በትእዛዝ ይጀምራል፣ በትእዛዝ ያቆማል። የሚያስቸግረው ጉልበት ሳይሆን ማቆሙ ነው። አንድ ሰው ግማሽ ምት ቢዘገይ የኋላው ሰው መቅዘፊያ ይመታዋል፣ ከዚያ ሦስት አራቱ ይጠላለፋሉ፣ በዚያ ጎን ያለው ግፊት ስለሚቀንስ መርከቡ ወደዚያው ይዞራል። አሸዋ ላይ መቅዘፊያው ውኃ ስለማይነካ ይህ አይታይም፤ ባሕር የገቡ ቀን ነው የሚታየው።

ነሐስ

መልህቅ አራተኛውን እርማት ሳይነካው አለፈ፤ እኔ ከእሱ ልጀምር። «በአፍታ ወደ ጥልቁ ሰጠመች» አይሆንም። የጦር መርከብ ቀላል እንጨት ነው፣ እንደ ጭነት መርከብ የድንጋይ ክብደት ከሥር አይጫንበትም። ጎኑ ሲበሳ ውኃ ይሞላል፣ ጫፉ ድረስ ይጠልቃል፣ ከዚያ ግን እዚያው ይንሳፈፋል። የጥንት ጸሐፊዎች «ሰጠመ» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ነው። ሰዎቹ ጠርዙን ይዘው ይንጠለጠላሉ፣ አሸናፊው በኋላ በገመድ ጎትቶ ይወስደዋል። ስለዚህ ከውጊያ በኋላ ባሕሩ በግማሽ በሰጠሙ ቀፎዎች፣ በተሰበሩ መቅዘፊያዎችና በሰው ይሞላል እንጂ ባዶ አይሆንም። ከባድ ጭነት ያለበት መርከብ ግን በእርግጥ ይወርዳል፤ ይህ ለኤጋዲው ምዕራፍሽ ይጠቅምሻል።

«ሰንጥቆ ገባ» የሚለውም ይስተካከል። መውጊያው እንደ ጦር የሾለ አይደለም። ጫፉ ደልደል ያለ፣ ሦስት አግድም ክንፍ ያለው የነሐስ ቀረጻ ነው። የተሠራው ሳንቃ እንዲበሳ ሳይሆን መጋጠሚያው እንዲላቀቅ ነው። የዘመኑ መርከብ ሳንቃዎች ጠርዝ ለጠርዝ ይገጠማሉ፣ በመካከላቸው በተቦረቦረ ቀዳዳ የእንጨት ምላስ ይገባል፣ ምላሱም በእንጨት ችንካር ይያዛል። መውጊያው ሲመታ ምላሶቹ ተራ በተራ ይሰበራሉ፣ ስፌቱ በርዝመቱ ይከፈታል። ድምፁን ስትጽፊ አንድ «ጓ» ብቻ አይበቃም፤ ከምቱ ቀጥሎ ረጅም የእንጨት ስንጥቅጥቅታ ይመጣል።

ለመምታት የሚሄደው መርከብ ደግሞ ከመምታቱ በፊት ነው ወደ ኋላ ለመቅዘፍ የሚዘጋጀው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ሸራና ምሰሶ ይወርዳሉ፣ ከተቻለም ዳርቻ ላይ ይተዋሉ። አቀራረቡ በዝግታ ነው፣ የቀዛፊ ጉልበት ለመጨረሻው ሩጫ ይቆጠባል። ሩጫው አጭር ነው፣ ያ ፍጥነት ለጥቂት ደቂቃ እንጂ አይዘልቅም። መሪውን የያዘው ሰው የጠላትን ጎን ወይም ኋላ ይፈልጋል። አፍንጫ ለአፍንጫ መግጠም ለሁለቱም አደገኛ ነው። ልክ እንደነካ «ወደ ኋላ!» ይባላል። አንድ አፍታ ከዘገየ መውጊያው እንጨቱ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል፣ የጠላት ወታደሮች ዘለው ይገባሉ፣ ሌላ መርከብ ደግሞ ቆሞ የቀረውን ጎን ይመታል። ውጊያ የሚሸነፈው ብዙ ጊዜ በዚህች ቅጽበት ነው።

አሁን ኮርቩስ። ካርቴጅ ይህን የመምታትና የመውጣት ጥበብ ከሮም በተሻለ ታውቀዋለች። ሮማውያን የሠሯቸው አዲስ መርከቦች ከባድና ለመዞር አስቸጋሪ ነበሩ። መፍትሔያቸው ጠላት ከተጠጋ በኋላ እንዳይወጣ ማድረግ ነው። በፖሊቢየስ ልኬት መርከቡ ፊት ላይ 7 ሜትር ያህል ቁመት፣ ከ20 ሳንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ውፍረት ያለው ግንድ ይቆማል፣ ጫፉ ላይ በከራ (የገመድ መዘውር) አለው። በግንዱ ዙሪያ የሚሽከረከር 11 ሜትር ርዝመት፣ 1.2 ሜትር ስፋት ያለው የሳንቃ ድልድይ ይሰካል። ግንዱ የሚያልፍበት ሞላላ ቀዳዳ ከድልድዩ ሥር 3.6 ሜትር ላይ ነው። ግራና ቀኙ እስከ ጉልበት የሚደርስ መከለያ አለው። ጫፉ ላይ ወደ ታች የተተከለ የሾለ ብረት አለ፣ ከብረቱ አናት ላይ ቀለበት፣ በቀለበቱ ገመድ። ገመዱ በበከራው አልፎ ድልድዩን ያነሳዋል፣ ሲለቀቅ ድልድዩ ወርዶ ብረቱ የጠላት መርከብ ወለል ላይ ይተከላል።

የሚቀጥለውን በዝርዝር ጻፊው። መርከቦቹ ጎን ለጎን ከተጣበቁ ወታደሮቹ በድልድዩ አይጠበቡም፣ በየቦታው ይዘላሉ። በፊት በኩል ብቻ ከተያያዙ ሁለት ሁለት ሆነው ይሻገራሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጋሻቸውን ከፊት ይይዛሉ፣ ተከታዮቹ የጋሻቸውን ጠርዝ መከለያው ላይ አሳርፈው ጎንና ጎኑን ይሸፍናሉ። ሚላይ ላይ የካርቴጅ አዛዥ ሃኒባል 130 መርከብ ይዞ አሰላለፍ እንኳ ሳይጠብቅ ገባ፣ ፊት የቀደሙት 30 መርከቦች ተያዙ፤ ከእነሱ አንዷ ቀድሞ የንጉሥ ፒሩስ የነበረች፣ እሱ ራሱ የተሳፈረባት ትልቅ መርከብ ናት። እሱ በትንሽ ጀልባ አመለጠ። የቀሩት በጎንና በኋላ ሊዞሩ ሞከሩ፣ ድልድዩ ግን ወደሚመጡበት አቅጣጫ ይዞር ነበር። በድምሩ 50 መርከብ አጡ። የሮም አዛዥ ጋየስ ዱዊሊየስ ነው።

ክብደቱ ግን የመርከቡን ፊት ይጫነዋል። ማዕበል ሲመጣ መርከቡን የሚገለብጠው ይኸው ድልድይ ነው። የካማሪናው ጥፋት ምክንያት ይህ ነው፣ ለዚህም ነው ከኤክኖመስ በኋላ ስለ ኮርቩስ የማንሰማው።

ሸራ

የነሐስ ማብራሪያ ግሩም ነው፤ የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ግን አልስማማም። ከ256 በኋላ ኮርቩስ አለመጠቀሱ እውነት ነው። ካማሪናን ያመጣው እሱ ነው የሚለው ግን የዘመናችን ሰዎች ግምት እንጂ የፖሊቢየስ ቃል አይደለም። ፖሊቢየስ ጥፋቱን የሚጥለው በአዛዦቹ ላይ ነው። መርከብ መሪዎቹ «ይህ የሲሲሊ ደቡባዊ ዳርቻ መጠጊያ ወደብ የለውም፣ ጊዜውም አደገኛ ነው» ብለው አጥብቀው አስጠንቅቀዋቸው ነበር። ወሩ ሐምሌ ገደማ ነው። ቆንሱሎቹ ግን በድላቸው ኮርተው፣ በመንገድ ያሉትን ከተሞች አስፈራርተው ለመያዝ ሲሉ ቀጠሉ። ከ364 መርከብ 80 ብቻ ተረፈ።

ለልብ ወለድ ይህ ከሳንቃ ድልድይ እጅግ የተሻለ ነው፦ መርከብ መሪው ያውቃል፣ አዛዡ አይሰማም፣ ታች ያለው ቀዛፊ ደግሞ ክርክሩን በሰው በሰው ነው የሚሰማው። ድልድዩን ለመርከቡ መንገዳገድ አንድ ምክንያት አድርገሽ ብትጠቅሺው አልቃወምም፣ ብቸኛ ጥፋተኛ አታድርጊው ነው የምለው።

ቁጥሮቹን በተመለከተ፦ ፖሊቢየስ ሮማውያን 350 መርከብ ይዘው ሄዱ፣ 114 ከነሰዎቻቸው ማረኩ፣ ሲመለሱ 364 ነበሩ ይላል። ድምሩ አይገጥምም። በገጸ ባሕሪ አፍ ቁጥር አታስገቢ፤ ቀዛፊ ከአድማስ እስከ አድማስ ያለውን መርከብ አይቆጥርም።

የጥንት ወዳጅ

እኔ በዘመን የማይገጥሙ ነገሮችን ብቻ ልጠቁም፣ ረቂቁን ሙሉ ባላየውም ተደጋግመው የሚገኙ ናቸውና።

ለቀዛፊሽ በዲናር አትክፈይው፤ ዲናር መመታት የጀመረው በ211 አካባቢ፣ በሁለተኛው የፑኒክ ጦርነት ነው። የመርከብ ወታደሮቹን በተደራረበ የብረት ሰሌዳ ጥሩር አታልብሻቸው፣ ያ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣ ነው። ለዚህ ዘመን ሞላላ ትልቅ ጋሻ፣ የሚወረወር ጦርና አናቱ ላይ ትንሽ ጉብታ ያለው የነሐስ ቁር ልክ ነው፤ ከኤጋዲ ባሕር ሥር የወጡት ቁሮች እንዲህ ዓይነት ናቸው። የካርቴጅን ክብ የጦር ወደብ ለመግለጽ የሚያጓጓ ነገር አለው፣ ግን ዛሬ ፍርስራሹ የሚታየው ወደብ የሁለተኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ በ260 አታስገቢው።

ስሞቹን ከአሁኑ ለይያቸው። ካርቴጅ ውስጥ ሃኒባል፣ ሃኖ፣ ሃሚልካር፣ አድሄርባል እያሉ ጥቂት ስሞች ይደጋገማሉ። የሚላዩ ሃኒባል አልፕስን የተሻገረው አይደለም፣ የኤክኖመሱ ሃሚልካርም የሃኒባል አባት ሃሚልካር ባርካ አይደለም። በቅጽል ስም፣ በአካል ምልክት ወይም በመርከቡ ካልለየሻቸው አንባቢ ምዕራፍ ሦስት ላይ ይጠፋበታል።

መርከብ ሲሠራ የሚያሳይ ምዕራፍ ካለሽ ደግሞ፣ በሲሲሊ በማርሳላ አጠገብ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በቁፋሮ የወጣውን የካርቴጅ መርከብ አስቢ። እንጨቶቹ ላይ የፊንቄ ፊደላት በቀለም ተጽፈውባቸዋል፣ የትኛው ክፍል ከየትኛው እንደሚገጥም ለማሳየት። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ የሮም መርከቦች በ60 ቀን አለቁ ማለቱ በዚህ ሲታይ ተአምር አይመስልም፤ የተማረከውን መርከብ የፈታ አናጢ እንዲህ ያለ ምልክት ሊያገኝ ይችላል። ለአንድ ገጸ ባሕሪ የሚበቃ ግኝት ነው።

ብራና

እጅግ አመሰግናለሁ። ወጣቱን ታችኛው ደረጃ ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ ለካማሪናም የሸራን ሐሳብ እወስዳለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ የኤጋዲው ጠዋት። ለምንድን ነው ካርቴጅ እዚያ እንዲያ የወደቀችው? ቀዛፊዬ ከሃያ ዓመት በኋላ ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ቀዛፊዎችን የሚመራ አለቃ ነው።

ነሐስ

የቀዛፊ አለቃ ካደረግሽው ጥሩ ቦታ ላይ ነው ያለው፤ የዚያን ቀን ውሳኔ ያረፈው በቀዛፊዎቹ ብቃት ላይ ነውና።

ሮም በ249 በሲሲሊ ምዕራብ ባለችው ድሬፓና ላይ በካርቴጁ አዛዥ በአድሄርባል ክፉኛ ተመትታ፣ ተጨማሪ መርከቦችም በማዕበል አልቀውባት፣ ከባሕር ለዓመታት ርቃ ነበር። ግምጃ ቤቱ ባዶ ስለነበር ሀብታም ዜጎች በግልና በማኅበር ለመርከቦቹ አበደሩ፣ ካሸነፍን ይመለስልናል ብለው። ወደ 200 መርከቦች ተሠሩ፣ ሞዴላቸው በሲሲሊ ወደብ ሊሊቤየም ላይ «ሮዳዊው» ከሚባለው ሌላ የካርቴጅ ሃኒባል የተማረከችው ፈጣን መርከብ ናት። ቆንሱሉ ጋየስ ሉታቲየስ ካቱለስ ቀዛፊዎቹን ዕለት ዕለት ያለማምድ፣ አመጋገባቸውንም ይከታተል ነበር። የአንቺ ሰው እዚህ አለ።

የካርቴጅ መርከቦች ደግሞ በሲሲሊ በኤሪክስ ተራራ ለተከበበው የሃሚልካር ባርካ ጦር እህል ጭነዋል። የመርከቦቹ አዛዥ የሃኖ ዕቅድ ከኤጋዲ ደሴቶች አንዷ ከሆነችው ከሂዬራ ተነስቶ በስውር መሻገር፣ ጭነቱን ማራገፍ፣ ከዚያ ሃሚልካር ባርካንና ምርጥ ወታደሮቹን አሳፍሮ መዋጋት ነበር። ስለዚህ በዚያ ጠዋት መርከቦቹ ከባድ ናቸው፣ ቀዛፊዎቹ ለጊዜው የተሰበሰቡ ያልተለማመዱ ናቸው፣ ወታደሮቹም አዲስ ምልምል ናቸው። መጋቢት 10 ቀን 241፣ በፈረንጆቹ ወር፣ ነፋሱ ከምዕራብ በብርቱ ይነፍሳል፣ ለካርቴጅ ከኋላ፣ ለሮም ከፊት። ሉታቲየስ አመነታ። ዛሬ ማዕበሉን ተጋፍቶ የተጫነ መርከብ ቢገጥም ይሻለዋል፤ ከተዋቸው በኋላ የሚመጡበት ቀለል ያሉ መርከቦችና ሃሚልካር ናቸው። ወጣ። ሉታቲየስ በድሬፓና ከበባ ቆስሎ ስለነበር ውጊያውን የመራሁት እኔ ነኝ ብሎ ፕሬተሩ (ከቆንሱል በታች ያለው ሹም) ቫለሪየስ ፋልቶ በኋላ ተከራክሯል።

ለአለቃሽ የሚሰጠው ሥራ ይህ ነው፦ ሮማውያን ለውጊያ የማያስፈልገውን ዕቃ ሁሉ አውርደዋል፣ መርከቡ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፣ ስለዚህ በማዕበሉ ላይ መቅዘፊያው አንዳንዴ አየር ይመታል። ምቱን ማሳጠር፣ ማዕበሉ ሲያነሳቸው መያዝ፣ ሲወርዱ መጫን አለበት። ካርቴጆቹ ሮማውያን መንገዱን እንደዘጉባቸው ሲያዩ ምሰሶ አውርደው ገጠሙ። 50 መርከብ ሰጠመባቸው፣ 70 ተማረከባቸው፣ የቀሩት ነፋሱ ድንገት ስለዞረላቸው ምሰሶ አንስተው ወደ ሂዬራ ሸሹ። ምርኮኛው 10,000 ይጠጋል።

ከሌቫንዞ ደሴት አጠገብ ካለው የባሕር ወለል ከ20 በላይ የነሐስ መውጊያዎች ወጥተዋል። አብዛኞቹ የላቲን ጽሑፍ አለባቸው፣ ሥራውን የተቀበሉት የሮም ሹማምንት ስም። ያሸነፈችው ሮም ሆና የሮም መውጊያዎች በብዛት መገኘታቸው ተመራማሪዎችን አነጋግሯል። አሳማኙ ማብራሪያ ካርቴጅ ድሬፓና ላይ ማርካ ለራሷ የተጠቀመችባቸው የሮም መርከቦች ናቸው የሚለው ነው። መጠናቸውም በእስራኤል ዳርቻ ከአትሊት ባሕር ከወጣው 465 ኪሎ ግራም መውጊያ በብዙ ያንሳል፣ ስለዚህ መርከቦቹን ከልክ በላይ ግዙፍ አድርገሽ አትሳያቸው። አለቃሽ ከፊቱ የምትመጣውን የጠላት መርከብ አቀዛዘፍ ሳይሆን አሠራሯን ሊያውቀው ይችላል፤ ከስምንት ዓመት በፊት ድሬፓና ላይ አብረውት ከተሰለፉት አንዷ ልትሆን ትችላለችና።